ማታን ፍለጋ አምስት ዙር

ሰፈሩ ባሌን «ጨረቃ» ነው የሚለው። በክፋት አይደለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቤት ይወጣል፣ ሰው ቁርሱን ሲፈልግ ይመለሳል፤ ታዲያ ሌላ ምን ይበሉት? አመሻሹ ላይ በራችን ሲጥ ሲል የሰሙ ጎረቤቶች «ጨረቃ ወጣ፣ ልብሳችሁን ከገመድ ላይ አውርዱ» ይባባላሉ።

ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሊጥ ሲያቦካ፣ ሲያድቦለቡልና ምድጃ ውስጥ ሲከት ሲያወጣ ያድርና፣ ጠዋት ከቅንድቡ ላይ ዱቄቱን ሳያራግፍ ይመጣል። ከዚያ ይተኛል። መቼም ይተኛል ስላችሁ እንደ እናንተ እንቅልፍ እንዳይመስላችሁ። አንዴ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ወለሏን ስታስቆፍር ግድግዳችን ሲንቀጠቀጥ ዋለ፤ የመብራቱ አምፖል ሳይቀር ከቦታው ላላ። እሱ አመሻሹ ላይ ተነስቶ፣ ዓይኑን እያሸ «ዛሬ ሰፈሩ ምነው ጭር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልጃችን አንደኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ «አባትሽ ምንድን ነው የሚሠራው?» ብትላት «ይተኛል» ብላ መለሰችላት። አስተማሪዋ አስጠርታኝ፣ እጄን ይዛ፣ በሐዘኔታ «አይዞሽ እህቴ፣ ይሻለዋል» አለችኝ።

ጨረቃ ግን ሲነቃ ጠያቂ ነው። ያገባሁትም በዚያ ነው። እኔ መንገድ ዳር ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ወጣት ሳለን አንድ ቀን መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ መጣና መብራቱ ከመስታወቱ ሥር ሲያልፍ አንገቱን አስግጎ አየው። «ይሄ ብርሃን አንብቦ ሲጨርስ የት ነው የሚሄደው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። በማግስቱ ያንኑ መታወቂያ ይዞ መጣ። በሦስተኛውም ቀን። ወረቀቱን ሁሉ ምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የማትለቀው ግን አንዲት ነበረች፦ «ሰው ማታ ምን ይሠራል?»

«ምን ይሠራል፣ እራት ይበላል፣ ይተኛል።»

«በመሃልስ?»

በመሃል ያለውን ላስረዳው ሞክሬ አቅቶኛል። ምንም እኮ አይደለም። ሳህን ይታጠባል፣ ካልሲ ይፈለጋል፣ አንዱ ያዛጋል። ለእሱ ግን ያ «ምንም» ሁላችንም ገብተን እሱ ደጅ የቀረበት ቤት ነበር።

አንድ አመሻሽ ወደ ሥራው ሲያልፍ በእኔ ሱቅ በር በኩል አንዲት ልጅ ከኋላው «ደህና አመሸህ» አለችው። ዞሮ አያት፣ በትሕትና ራሱን ዝቅ አደረገና «ደህና አመሸሽ የኔ እመቤት፣ ቤተሰብ ሰላም ነው?» አላት።

ልጅቷ ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች። እኔ ከማሽኑ ጀርባ ብቅ አልኩ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለችው።

ፀጉሯን ያን ሳምንት በአጭሩ ተቆርጣለች፤ ቁመቷም ከእኔ አልፏል። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ እሱም የሳቀ መሰለ። ወደ ዳቦ ቤቱ ሲሄድ ግን አካሄዱ የገዛ ቤቱን በር የሳተ ሰው አካሄድ ነበር። ጠዋት ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ቀን የሚሠራ ሥራ ፈልጊልኝ» አለኝ።

የፈለግኩት እኔ አይደለሁም፤ ሥራው ራሱ ሱቄ መጣ። ከከተማው ዳር ያለው የብስኩት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ አንድ ደንበኛ ኮፒ ሊያስደርግ ይዞ ገባ። ለራሴም አንድ አተምኩ። ነጭ ጋውን ይለበሳል፣ ብስኩት ይታያል፣ ይቀመሳል። ነጭ ጋውን የሚለብስ ሰው ሲመሽ ቤቱ ይገባል ብለን ሁላችንም አመንን። አብራን የምትኖረው እናቴ ብቻ «ሐኪምም እኮ ነጭ ለብሶ ያድራል» አለች፤ ማን ይስማት።

ጨረቃ ማመልከቻውን አስገባ፣ ለቃለ መጠይቅም ተጠራ። እዚህ ላይ ታናሽ ወንድሜ ይመጣል።

ወንድሜን በቃለ መጠይቅ ዕውቀት የሚያህለው የለም። ያልተፈተነበት መሥሪያ ቤት የለም፤ አንዱም አልቀጠረው እንጂ። እናቴ «አማካሪው» ነው የምትለው። ጥሪውን እንደሰማ ከረቫት ይዞ መጣና ጨረቃን ከወጥ ቤቱ ወንበር ላይ አስቀመጠው።

«በል፣ ይህን ሥራ ለምን ፈለግክ ቢሉህ?»

«ማታ ቤቴ መሆን ስለምፈልግ።»

ወንድሜ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ጉንጩን ያዘ። «እንዲህ አይባልም። ቤቴ ቤቴ ካልክ ሰነፍ ነው ይሉሃል። ‹ራሴን ለማሳደግና ለድርጅቱ የበኩሌን ለማበርከት› ነው የሚባለው።»

«በዚህ ዕድሜዬ ወዴት ነው የማድገው?»

«በአስተሳሰብ።»

«በወገቡ በኩል ነው እንጂ» አለች እናቴ ምስር እየለቀመች።

«ስለ ሰዓት ቢጠይቁህ ደግሞ ‹ሰዓት አልመርጥም፣ በማንኛውም ጊዜ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ› በል። ይሄን ሲሰሙ ነው ዓይናቸው የሚበራው።»

«እኔ እኮ እመርጣለሁ።»

«ምረጥ፣ ማን ከለከለህ? በሆድህ ምረጥ። ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም። መጀመሪያ ተቀጠር፣ ምርጫህን ከዚያ ታወራለህ።»

ጨረቃ ሁለቱን መልሶች እንደ ሕፃን እየደጋገመ ሸመደዳቸው። ልጃችን ጠያቂ ሆና፣ የእኔን መነጽር አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰክታ አስጠናችው። አንዴ ብቻ ተሳስቶ «ድርጅቱን ለማሳደግና ለራሴ የበኩሌን ለማበርከት» አላት።

ሌላው ችግር እንቅልፍ ነበር። ሌሊቱን ሲጋግር አድሮ፣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ ፈታኝ ፊት መቅረብ አይሆንም። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ቀን ቀን የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጋጋሪ አሉ፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ጨረቃ ፈራ ተባ እያለ ለቃለ መጠይቁ ዋዜማና ለዕለቱ ፈረቃ እንዲቀይሩት ለመናቸው። «ለአንድ ሰሞን ምን አለበት» አሉት። እንዲህ ሆኖ ነው ጨረቃ ከስንት ዘመን በኋላ በአዘቦት ቀን ማታ ቤቱ የተገኘው።

ያን ማታ ባያችሁት። እንግዳ ቤት የገባ ይመስል ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን አቆመ።

«ይሄ ዷ ዷ የሚለው ምንድን ነው?»

«የላይኛዋ ጎረቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነው።»

«ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው?»

«ሁልጊዜ።»

ትልቅ ምስጢር እንደተነገረው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ከወጥ ቤት ዜማ መጣ። ልጃችን ሳህን ስታጥብ ታዜማለች፤ ግጥሙን እየረሳችና በራሷ ቃል እየሞላች። ጨረቃ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ትዘፍናለች እንዴ?» አለኝ።

«ከሕፃንነቷ ጀምሮ።»

ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። ለእሱ ይህ ብርቅ ነው።

በመጀመሪያው ዙር ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተደርድረው ጠበቁት። መሃል ላይ የተቀመጠችው የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊዋ ናት፤ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምጿ ለስላሳ ሴት። ማታ እኛ እራት ከበን ሲተርክልን እናቴ ቀድማ ቦታ ይዛለች።

«ታዲያ ምን ጠየቁህ?» አልኩት።

«ራሴን እንዳስተዋውቅ። ጥንካሬዬን፣ ድክመቴን። ወንድምሽ ያለውን ሁሉ አልኩ። ሰዓት አልመርጥም ስል በእውነትም ዓይናቸው በራ።»

ወንድሜ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«በመጨረሻ ሴትዮዋ ‹ጥያቄ አለዎት?› አለችኝ።»

«የለኝም፣ አመሰግናለሁ ነው የሚባለው» አለ ወንድሜ።

«እኔ ግን ነበረኝ። ከጎናቸው አንድ ባዶ ወንበር ነበር፤ ፊቱ ያልተከፈተ ውሃ፣ ወረቀት፣ እስክሪብቶ ተቀምጦለታል። ‹ይሄ የማን ነው?› አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«እርስ በርስ ተያዩ። እያንዳንዱ የሌላው እንግዳ ወንበር መስሎት ነው። ማንም አያውቅም።»

እናቴ ሳቋን ስትጨርስ «ጥሩ አድርገሃል ልጄ» አለችው። ወንድሜ ግን «በቃ አበቃለት» ብሎ ተነሳ። ተሳስቷል፤ ከሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ፦ «ለሁለተኛው ዙር አልፈዋል።»

ሁለተኛው የጽሑፍ ፈተና ነበር። ቅርጾች ተስለው ‹የማይመሳሰለውን አክብብ› የሚል፣ ከዚያ ‹ራስህን ከአንድ እንስሳ ጋር ብታመሳስል ማንን ትመስላለህ? ምክንያቱን ጻፍ› የሚል።

«ሰው ሆኖ ተፈጥሮ በወረቀት እንስሳ ያደርጉታል?» አለች እናቴ።

«ንብ ብለህ ጻፍክ አይደል?» አለ ወንድሜ። «ንብ ነው የሚጻፈው። ታታሪ፣ በኅብረት የምትሠራ።»

«ድመት ብዬ ጻፍኩ። ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ትሠራለች፣ ከዱቄት ቤት አትጠፋም።»

ወንድሜ ራሱን ያዘ። ልጃችን ግን አባቷን እንደ አዲስ አየችው። ከዚያ በኋላ ስለ እያንዳንዳችን ይከራከሩ ጀመር፤ እኔን ዶሮ፣ እናቴን ጉጉት፣ አጎቷን ደግሞ ብዙ የሚያወራ ወፍ አደረጉት። ሳህኑ ሳይነሳ፣ ወጡ ደርቆ፣ ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ሲንከተከቱ አየሁ። በጎን በኩል ሳያቸው አፍንጫቸው አንድ ነው። ይሄን ልብ ያልኩት ያን ማታ ነው፤ ጎን ለጎን አይቻቸው የማውቀው በፎቶ ብቻ ነበርና።

ሦስተኛው ዙር የቡድን ሥራ ተባለ። ስድስት ተወዳዳሪ አንድ ክፍል አስገብተው የፋብሪካውን ብስኩት በካርቶን ሰጧቸው፤ ረጅም ግንብ ሥሩ ተባሉ። ሁለት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው እያዩ ይጽፋሉ። ማን መሪ፣ ማን ተባባሪ እንደሆነ ለማየት መሆኑ ነው።

«ሠራችሁት?»

«ደረታችን ደርሶ ነበር። ሁላችንም መሪ ስለሆንን ተናደ። አንዲት ወጣት ልጅ ግን ከመጀመሪያው ጥግ ይዛ አንዱን ብስኩት አንስታ በላችው።»

«በፈተና ላይ?» አለ ወንድሜ።

«‹ምነው?› ብላት ‹ጣዕሙን ሳላውቅ ለምን እደረድረዋለሁ?› አለችኝ። እኔም አንድ በላሁ። ትንሽ በዝቶበታል ሶዳው።» ቀና ብሎ «ሰው እንዴት ብስኩት ደርድሮ ይታወቃል?» አለን። ጥያቄው ማላገጥ አልነበረም፤ በእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። የዚያን ማታ ከጓዳችን ደረቅ ዳቦ አውጥተን እኛም ደረደርን። እናቴ መሪ ሆነች። የእኛም ተናደ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሳምንታት አለፉ። አንዱ ዙር ካለቀ በኋላ ‹ደውለን እናሳውቅዎታለን› ነው፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር የቤቱ ሰው ሁሉ ይቆማል። የላይኛዋ ጎረቤት ሳትቀር ደረጃው ላይ ስታገኘኝ «ስንተኛው ላይ ደረሰ?» ትለኛለች። ጨረቃ ግን በየዙሩ ዋዜማ የማታ ቤተኛ እየሆነ መጣ። ካልሲ ፍለጋ ላይ ተካፈለ። ማዛጋት ሳይቀር ለመደ።

አራተኛው ዙር ፋብሪካው ውስጥ ነበር፤ የብስኩት ናሙና አይቶ አስተያየት መስጠት። ለጨረቃ እንጀራው ነው፣ አልሰጋንም። ሰዓቱ ግን ከምሳ በኋላ ተባለ። መጀመሪያ ቢሮ፣ ከዚያ ኮሪደር፣ ከዚያ ከምድጃዎቹ ግድግዳ አጠገብ ያለች ሞቅ ያለች ክፍል ውስጥ አስቀምጠው «ትንሽ ይጠብቁ» አሉት።

እንግዲህ ስለ ዳቦ ጋጋሪ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለእኔና ለእናንተ የትኩስ ዳቦ ሽታ ረሃብ ይቀሰቅሳል። ለጋጋሪ ግን ያ ሽታ የመጨረሻው መደብ ዳቦ ከምድጃ ወጣ ማለት ነው፤ ሥራ አለቀ፣ ሂድና ተኛ ማለት ነው። ጨረቃን ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ እያለ ወደ አልጋው የሸኘው ይሄ ሽታ ነው። ያቺ ክፍል ውስጥ ሙቀቱ አለ፣ የማሽኑ እምምታ አለ፣ ሰዓቱም የእንቅልፉ ሰዓት ነው። ሽታው በበሩ ሥር ሲገባ...

«ግድግዳውን ተደገፍኩ። ያንን አስታውሳለሁ።»

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያ ሴትዮዋ ትከሻዬን ስትነካኝ ነቃሁ።»

«ምን አልካት?»

አቀረቀረ። «‹ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጣች እንዴ?› አልኳት።»

እናቴ አፏን በሻሿ ደፈነች። ይሄ ወንድሜን እንኳ ገጥሞት አያውቅም። ናሙናውንስ አየኸው ስንለው አይቷል፣ ቀምሷል፣ ሶዳውንም ነግሯቸዋል። ግን ሲያንኮራፋ ኖሯል ይባላል። ያን ማታ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ልጃችን ብቻ አጠገቡ ተቀምጣ «እኔን ነው የጠየቅከው?» አለችው።

«ሌላ ማንን ልጠይቅ?»

ይህን ሁሉ አልፎ ስልኩ እንደገና ጮኸ። አምስተኛ ዙር፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር።

ከረቫቱን ወንድሜ በራሱ እጅ አሰረለት። እኔ ሱቄን ዘግቼ ቤት ዋልኩ። እናቴ መስኮቱ ላይ፣ ልጃችን ከትምህርት ቤት በሩጫ መጥታ በሩ ላይ። ሲመጣ ከረቫቱን አውልቆ እጁ ላይ ጠቅልሎታል።

«አለፍኩ» አለ።

ሁላችንም በአንድ ጊዜ ተነሳን። እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም፤ መልሰን ተቀመጥን።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ተነስተው ጨብጠውታል። «እንኳን ደስ ያለዎት። የሌሊት ፈረቃችን ተቆጣጣሪ ካጣ ቆይቷል። እርስዎ ደግሞ ለእሱ የተፈጠሩ ነዎት። ሌሊቱን የለመዱ፣ ሰዓት የማይመርጡ…»

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ «ቀን ደግሞ እንቅልፍዎ የሚያስቀና» ብላ ጨመረችበት።

«የቀኑስ ቦታ?» አለ ጨረቃ።

የቀኑ ለዚያች ብስኩቱን ለበላችው ልጅ ተሰጥቷል። «እውነቱን ለመናገር» አለን፣ «ይገባታል። ከሁላችን ቀድማ የቀመሰችው እሷ ናት።»

ከዚያ ሴትዮዋ እንደ ልማዷ «ጥያቄ አለዎት?» አለችው። ጥያቄ አልነበረውም። ስታየው ገርሟት ሳይሆን አይቀርም። «ጥያቄ የለኝም። አንድ ነገር ልንገርዎት እንጂ። እኔ ይህን ሥራ የፈለግኩት ማታ ማታ ቤቴ ለመሆን ነው» አላት።

ሴትዮዋ መነጽሯን አጥልቃ የያዘችውን ወረቀት አየች። «‹በማንኛውም ጊዜ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ› ብለውናል።»

«ብያለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ቅር ሳይላቸው፣ ይልቁንም የሚያዝኑ በሚመስል ድምፅ «ይሄን በመጀመሪያው ዙር ቢነግሩን እኮ ሌሎቹ አራቱ ባላስፈለጉ ነበር» አሉት።

«እኔም አሁን ያንን ነው የማስበው» ብሎ ወጣ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ወንድሜ ግድግዳ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ተነስቶ የእራቱን ሳህን ሊያጥብ ገባ፤ ውሃው ሲፈስ ብዙ ቆየ። እናቴ ቀስ ብላ «ደመወዙስ?» አለች። ከዳቦ ቤቱ ይሻላል አላት። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምን እላለሁ? ሱቄ የምታስገባውን እናውቃለን፤ የተሻለ ደመወዝ ማንም አይጠላም። «ሌሊት ከሆነ» አልኩ፣ «በለመደው ዳቦ ቤት ይደር።» ጨረቃ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ልብሱን ቀየረና፣ ፈተናው አብቅቷልና ጋሼን ሌላ ሌሊት እንዳያስቆም ወደ ሥራው ሄደ። በሩ ሲጥ አለ። ደጅ አንዱ «ጨረቃ ወጣ» አለ፤ እኔን አላሳቀኝም።

ባይለመድ ይሻል ነበር። ከዚያ በኋላ የነበሩት ማታዎች ጎዶሎ ሆኑብን። ልጃችን ሳህን ስታጥብ ማዜሙን ተወች። የላይኛዋ ሽንኩርቷን ስትከትፍ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚል የለም። ጨረቃም ጠዋት ሲመጣ ሳይጠይቅ ይተኛል።

እንዲህ ሆነን ሳለን የጋሼ ባለቤት ሱቄ መጡ። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው፤ ዘወትር የሚቸኩሉ ሴት ናቸው። አንዲት ገጽ ኮፒ አስደረጉና መሄድ ሲገባቸው ቆሙ። የማሽኑን ክዳን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ባልሽ ቃለ መጠይቁን ጨረሰ እንዴ?»

«ጨረሰ እትዬ። አልሆነም።»

«ውይ። ታዲያ ሌላ የለውም?»

«ሌላ ምን?»

«ሌላ ቃለ መጠይቅ ነዋ። አንድ ሁለት ዙር ቢጤ።» ፊታቸው ላይ የነበረው ሐዘን ለጨረቃ እንዳልሆነ ገባኝ።

«ለምን እትዬ?»

ዙሪያቸውን አዩና ጠጋ አሉኝ። «ምን ልበልሽ ልጄ። የኔው ሰውዬ ለዜና አንባቢው ይመልስለታል። እሱ አንድ ሲል ይሄ አንድ ይላል። ከተጋባን ጀምሮ ዜና ሰምቼ አላውቅም፣ የእሱን መልስ ነው የምሰማው። ያንቺ ባል ሲፈተን ጊዜ የኔው ሌሊት ገባ። እግሬን ዘርግቼ ሰማሁ። ከዚያ አልጋው መሃል ላይ ተኛሁ። ቤቱ ሰፋኝ፣ ዕድሜዬ ረዘመ።»

ልቤ ሌላ ቦታ ሄዷል። «ጋሼስ? ሌሊቱ አልከበዳቸውም?»

«እሱማ ጠዋት ሲመጣ ሲያፏጭ ነበር። ሌሊት ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ አለ፣ የሚያስቆመው የለ።»

ለጨረቃ ስነግረው አልጋው ላይ ተነስቶ ተቀመጠ። «ጋሼን ቀኑን ልቀቁልኝ ልበል? በሽምግልናቸው ያገኙት ነው እኮ። ነውር ነው።»

«ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

ብርሃን የት እንደሚሄድ የጠየቀ፣ ባዶ ወንበር የማን ነው ያለ ሰው ይሄን አንዱን ጠይቆ አያውቅም።

«አምስት ዙር ሲጠይቁህ ከረሙ» አልኩት። «አንተ ደግሞ አንድ ዙር ጠይቅ። የወንድሜን መልስ ግን እንዳትጠቀም።»

አመሻሹ ላይ ፈረቃ ሲረካከቡ ጠየቃቸው። ከረቫት የለም፣ ራሴን ለማሳደግ የለም። «ጋሼ፣ ልጄን መንገድ ላይ አላወቅኳትም። ማታ ቤቴ መሆን እፈልጋለሁ» አላቸው። ጋሼ ሽርጣቸውን ፈትተው ጨርሰው፣ አጣጥፈው፣ ከዚያ «እኔ እኮ ሌሊቱን ትወደዋለህ ብዬ ነው። ስምህስ ራሱ?» አሉት። ጉልበታቸው ሁሉንም ሌሊት አይችልም። ግን ሳምንት ለአንተ፣ ሳምንት ለእኔ እንባባል አሉት። «ለባለቤቴ ግን እኔ ነኝ የለመንኳቸው በላት» ብለው አስጠነቀቁት። «በገዛ ፈቃዴ መሆኑን ካወቀች ትጣላኛለች።»

የመጀመሪያው የእኛ ሳምንት ሰኞ ማታ ጨረቃ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባ። ደረጃው ላይ የላይኛዋ ጎረቤት አግኝታው «ዛሬ ደመና ነው እንዴ?» አለችው። እራት ቀረበ። ወንድሜም ነበር፤ ምክር አልያዘም፣ ብርቱካን ነው የያዘው።

ጨረቃ ከተቀመጠ ጀምሮ ልጃችንን ይጠይቃታል። ከማን ጋር ነው የምትቀመጪው፣ የትኛው ትምህርት ይከብድሻል፣ ያቺ ፀጉር የቆረጠችሽ ማናት፣ ያቺ የምታዜሚያት ዘፈን ሁለተኛው ስንኝ ለምንድን ነው የሚጠፋብሽ? ወጡ ቀዘቀዘ፣ እሱ ይጠይቃል።

«አባዬ» አለችው በመጨረሻ፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «ይሄ ስንተኛው ዙር ነው?»

እናቴ በሳቅ ትን አላት። ጨረቃ ኮስተር ብሎ ቀጥ አለ፤ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አነባብሮ፣ የሴትዮዋን ለስላሳ ድምፅ እየቀዳ «ጨርሰናል። ጥያቄ አለዎት?» አላት።

ልጄ ከእኔ አፍንጫ ላይ መነጽሬን ወስዳ አጠለቀች። አስባ አስባ «አንድ አለኝ» አለች። «ነገም ማታ ይኖራሉ?»

«እኖራለሁ» አለ ጨረቃ።

ወንድሜ ብርቱካኑን መላጥ ጀመረ። ከላይ ሽንኩርቱ ዷ ዷ ማለት ሲጀምር ማንም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም።